በስሜ የተከፈተው ሱቅ

ሰኞ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነጋዴ ነኝ አሉ። እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።

ጠዋት ኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የዘጠኝ ሰው ስም ተለጥፎ ነበር። «በክልሉ የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ላይ ጥያቄ የተነሳባቸው ተማሪዎች» ይላል። ስምንቱን በዓይኔ ዘልዬ ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ፤ ባህሪያ ጀይሉ፣ ፋርማሲ፣ ሁለተኛ ዓመት። እየሮጥኩ ድጋፍ ክፍል ገባሁ። ወይዘሮ ዕድላዊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩት።

«ይኸው ንግድ ፈቃድ። ይኸው ቲን ነምበር። በፋይዳ መታወቂያሽ ስንፈልግ ነው የወጣው። ነጋዴ ነሽ።»

«ተማሪ ነኝ እኮ፤ እርስዎ ያውቁኝ የለ።»

«ሁለቱንም መሆን ይቻላል። በመንግሥት ወጪ ግን አይቻልም።»

ደንቡን እንደ ዳዊት አወረዱልኝ። ድጋፉ የሚቀጥለው አማካይ ውጤቱ ከ2.75 ላልወረደ፣ ከአንድ ትምህርት ከሦስት ቀን በላይ ላልቀረ፣ በስሙም ንግድ ለሌለው ተማሪ ነው። እስከ መጋቢት 7 ፈቃዱን መልሼ ክሊራንስ ካላመጣሁ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ራሴ እከፍላለሁ። ራሴ ማለት እማዬ ማለት ነው። እማዬ ማለት ደግሞ ያው ሱቁ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። አንድም ቀን ከዚያ ሱቅ ለራሴ ብዬ የወሰድኩት ነገር የለም። ዝንጅብል እንኳ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለራሴ አስተካክዬ ልጻፈው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ነው የዋለው።

አባቴ ሲሞት ትልቁ ሱቅ ወደ ወንድሙ፣ ወደ አጎቴ ኢስሃቅ ሄደ። «አብረን ነው የሠራነው» አለ፣ አለቀ። እማዬ ሲቀላ ገበያ መሬት ላይ ጉልት ተቀምጣ ቅመም መሸጥ ጀመረች። ሁለት ዓመት። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኞቼን በሌላ መንገድ እወስዳቸው ነበር። (ይኼን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው።)

አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ ማዘጋጃ ቤቱ ለሥራ አጥ ወጣቶች የቆርቆሮ ሼድ በዕጣ ሊሰጥ ነው ተባለ። ያንን ለእማዬ የነገራት ልብስ ሰፊው ካሱ ነው። እማዬ ዕድሜዋ አልፏል፤ እኔ ግን ወጣት ነኝ፣ ሥራም የለኝም። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያላደረገች እናት ማን አለች? ወስዳ አስፈረመችኝ። አራት ቦታ ፈረምኩ። አላነበብኩም፤ ውጤት ወጣ የሚል ወሬ ስልኬ ላይ ገብቶ ነበር፣ እሱን ነበር የማነበው። ዕጣው ወጣልን፤ ሼድ ቁጥር አስራ አራት፣ ከካሱ ጎን። እማዬ ደስታዋ ሞልቶ ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ በቢጫ ቀለም «ባህሪያ ቅመማ ቅመም» አስጽፋ ሰቀለችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ሰዓሊው አንድ ፊደል ሲያጣምም አይታ አስተካክል ብላዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእህል ተራ ዞሬ ነው የማልፈው፣ ስሜን ላለማየት።

ከዚያ ወዲህ የድጋፍ ቅጹ ላይ «ምንም ገቢ የለኝም» ብዬ ሦስት ጊዜ ፈርሜያለሁ። ዋሽቻለሁ? ሱቁ እኮ የእማዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ነገርኳት። እርድ እየነፋች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ቢጫ ነው። ወንፊቱን አላቆመችም።

«መቼ ነው ያሉሽ?»

«መጋቢት ሰባት።»

«ዒድ በስንት ይውላል?»

«አስራ አንድ ይመስለኛል። እማዬ፣ ስለ ዒድ ነው እንዴ የማወራሽ?»

«ስንት ቀን ብትቀሪ ነው የሚያባርሩሽ?»

«ከሦስት ቀን በላይ። ሱቁን ትመልሺዋለሽ ወይስ አትመልሺውም?»

«እህ» አለችና ሌላ እርድ ጨመረች። ይኼ መልስ ነው? የጠየቅኳትን ሳትመልስ ሌላውን ሁሉ ጠየቀችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ጉልት ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ?» አለች። ምን አገባኝ ጉልት! ተነስቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አጎቴ ኢስሃቅ ወሬው ደርሶት ቤት መጣ። ከጅምላ ሱቁ ሲመጣ ሁሌም የስኳር ከረጢት ይሸታል። ወደ እማዬ ዞሮ ጀመረ።

«ሱቅ እያላት ምን ዲፕሎማ ያስፈልጋታል? ዲፕሎማውን ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ስንት አለ። ናዕማ፣ በእጅሽ ያለውን ጥለሽ የሚበርረውን እንዳታሯሩጪ።»

እማዬ ውኃ ቀዳችለት። አልመለሰችለትም። ዝም ማለት መስማማት ነው። የአጎቴ የኢስሃቅ አላስደነቀኝም፤ የእሷ ዝምታ ነው የቆረጠኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ሴቻ ነበርኩ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቢሮዎቹ ያሉበት። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ያንገጫግጨኛል።

ንግድ ቢሮ፦ መጀመሪያ የገቢዎች ክሊራንስ አምጪ።
ገቢዎች፦ መጀመሪያ ሼዱን ማስረከብሽን ከሥራ ዕድል ጽሕፈት ቤት አምጪ።
ሥራ ዕድል፦ ሼዱ ባዶ መሆኑን ኮሚቴ ማየት አለበት። ኮሚቴው? ስብሰባ። መቼ ይመለሳል? «ሲያልቅ።»

እንግዲህ ሱቁ ሳይለቀቅ ወረቀት የለም። ውኃ ወቀጣ። አንድ ቀን ቀረሁ፤ ሁለት ይቀሩኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

መምህር ብርሃነመስቀል ስም የሚጠራው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። በስድስተኛው ደቂቃ የገባ ቀሪ ነው፣ በሬሳ ሣጥን ቢመጣም። «ባህሪያ፣ ትናንት አልነበርሽም» አለኝ። ድጋፌን ላቆይ ብዬ ነው የቀረሁት አልኩት። «ድጋፍሽን የምታቆዪው ባለመቅረት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ተነስተን ማጨብጨብ ብቻ ነው የቀረን።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ውጤት ወጣ። አማካይ 2.78!!! በሦስት መቶኛ ተርፌያለሁ። ደስ ብሎኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ ሻሺቱ ትዝ አለችኝና ደስታዬ ቀዘቀዘ።

ሻሺቱ የጨንቻ ልጅ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ባለፈው ዓመት 2.71 አምጥታ ድጋፉ ተቋረጠባት፣ ወጣች። በጊዜው ሁሉም ሲያዝንላት «ሕግ ሕግ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ከፈተናው በፊት ደግሞ ማስታወሻዬን አውሺኝ ብላኝ «እኔም እያጠናሁበት ነው» ብያታለሁ። እያጠናሁበት ነበር። ግን ፎቶ አንስታ መመለስ ትችል ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ነገ ረመዳን ነው። ሌላ ጊዜ ለጾም መግቢያ እማዬ መደርደሪያውን እስከ ጣራ ትሞላው ነበር፤ ዘንድሮ ግማሹ ባዶ ነው። ዝንጅብል የለም፣ ቅርንፉድ አልቋል፣ አዲስ ዕቃም አላመጣችም። ካሱ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ «እናትሽ ደከማት መሰል» አለኝ። ደክሟት ሳይሆን አኩርፋ ነው። ሱቁን ልቀቂ ስላልኳት ሱቁን እያስራበችው ነው።

«እማዬ፣ ሃያ ሰባት ቀን ቀረ» አልኳት።

«ቆጥሬዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ረመዳን ይግባ፣ አላህ ያውቃል።»

አላህ ያውቃል፤ ወይዘሮ ዕድላዊት ግን ወረቀት ነው የሚያውቁት። ይኼን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አስተግፊሩላህ በይ አለችኝ፣ አልኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ከኮሌጅ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ልጆች፦

«ዘጠኝ ሰው ተያዘ አሉ።»

«ሱቅ እያላቸው የድሃ ቦታ ይይዛሉ እኮ። ስንቱ በነሱ ምክንያት ተባረረ።»

ሻርፔን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ልዞር ነበር፣ ዞሬ «የኔ እናት ከንጋት እስከ ማታ በርበሬ እያስነጠሳት ነው የምትውለው» ልል ነበር። ግን ምን ነበር የምለው? ሱቅ የለንም? አለን። በስሜ? አዎ። ጾሜን ይዤ ወረድኩ።

ማን ነው የጠቆመብኝ እያልኩ ነው የዋልኩት። ፋይዳው ነው ብለዋል፤ ግን ሰው ሳይጠቁም ማሽን በራሱ ይነሳል? ስለ ሼዱ የሚያውቅ ከክፍል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሻሺቱ። በልቧ ይዛብኝ ይሆናል። ብትይዝብኝስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሁለተኛ ቀሪዬ። አንድ ብቻ ቀረኝ። ሥራ ዕድል ቢሮ ኮሚቴው ተሟልቷል፣ ግን «ሼዱን ባዶ አድርጊና ጥሪን» አሉኝ። ባዶ የምታደርገው እናቴ ናት፣ እንቢ ብላለች አልላቸው ነገር። ወጣሁ።

ከቢሮው ፊት ለፊት ጁስ ቤት አለ። ማንጎ የሚልጠው እጅ የሚታወቅ እጅ ነው፤ ቀና ስል ሻሺቱ። ሽሽት የለም፣ አየችኝ።

«ባህሪያ! ከስተሽ የለ እንዴ! ጾም ነው አይደል፣ በይ ጥላ ሥር ቁጭ በይ፤ ጁስ አልሰጥሽም።»

ሳላስበው «አንቺ ነሽ የጠቆምሽብኝ?» አልኳት። ወዲያው አፌን በቆረጥኩት ብዬ ተመኘሁ። ቢላዋዋን አስቀመጠችና ሳቀች።

«እኔ? ያንቺ መባረር ለኔ ምን ይጠቅመኛል? 2.71ን 2.75 ያደርገዋል?» ከዚያ እየላጠች ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከጫኖ የመጣውን ማንጎ አንድ ቅርጫት ልጣ እስክትጨርስ ሰማችኝ።

«እንግዲህ እኔ ሥራ አጥ ወጣት ነኝ» አለች፤ «በቀን ክፍያ ማንጎ መላጥን ሥራ ካላልሽው። ሼዱን በኔ ስም አዙሩት። አሁን ሼድ የሚለቅ ሲኖር ሌላ ሥራ አጥ መተካት ይቻላል፤ እዚህ ቢሮ የሚሠሩት ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚጠጡት፣ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ የኔ፣ ሱቁ የእናትሽ። ሰሌዳው ላይ ሻሺቱ ቅመማ ቅመም ይጻፍ፤ ጨንቻ ድረስ ይሰማ።»

ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ስንት ቀን የተቆለፈ ነገር በአንድ ሰው ቀልድ ተከፈተ! ይኼንን ሰው ነው የጠረጠርኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

እንቢ አለች።

ስናፈጥር ነው የነገርኳት፣ ቴምሩ ገና አፏ ውስጥ እያለ። ሁሉንም አስረዳኋት፤ ሱቁ አይነካም፣ ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው።

«ያቺ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳለች?» አለችኝ።

«አይ፣ ተባርራለች። ነገርኩሽ እኮ።»

«ልትመለስ አትፈልግም?»

«ማመልከቻ ታስገባለች ይመስለኛል፤ ለመስከረም።»

«ታዲያ በስሟ ሱቅ ካለ ማን ይመልሳታል? ባንቺ የመጣው ለሷም ይመጣል። የሰው ልጅ መንገድ ላይ አልቀመጥም።»

እኔ ያንን አላሰብኩትም። አንዴም። ግን በዚያ ፈንታ ምን አልኩ? «የኔ መንገድ ላይ ግን ተቀምጠሻል» አልኳት።

ቴምሩን ፍሬውን አውጥታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ለሶላት ተነሳች። ስትሰግድ ጀርባዋን አይቼ ልጠራት ፈለግኩ፣ ከሶላት አይጠራም። ስትጨርስ ደግሞ እኔ ተኮሳትሬ ነበር።

«ተቀምጠሻል» ያልኩበትን አረፍተ ነገር ከዚህ ገጽ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ዓርብ፣ የካቲት 20

አላወራኋትም። አላወራችኝም። ሾርባው ጨው የለውም። ለሻሺቱ «እማዬ ታስብበታለች» ብዬ ዋሸሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ቸኩያለሁ። ጠዋት ካሱ ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ፤ ሜትር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወረቀት አወጣ። «እናትሽ ልካኝ ነው፤ የሼዶቹ ጉዳይ ነው፤ እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈርሚ። የመታወቂያሽንም ኮፒ።» ብርሃነመስቀል ስም ሊጠራ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ፈረምኩ፣ ሰጠሁት፣ ሮጥኩ። ደረስኩ።

እሷ አታወራኝም፤ ለሱቋ ጉዳይ ግን ሰው ትልክብኛለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ክፍላችን ለጉብኝት ሴቻ መድኃኒት መደብር ሄደ፤ ስም ስለሚጠራ ቀሪ አይደለም። በሥራ ዕድል ቢሮ በር ስናልፍ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል። አንዲት ሴት ፀሐዩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ የእማዬ ዓይነት ነው፣ የፌስታል አያያዟም የእማዬ። እማዬ ግን ሴቻ ምን ታደርጋለች? በጾም፣ በዚህ ፀሐይ፣ ያንን ዳገት? ማንበብ የማትችል ሰው ቢሮ ለቢሮ? በየከተማው እንደሷ ዓይነት ሴት ሞልቷል።

ማታ ስታፈጥር አራት ብርጭቆ ውኃ በተርታ ጠጣች።

ሰኞ፣ የካቲት 30

ቤታችን በጆንያ ተሞልቷል! ኮረሪማ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አልጋዬ ሥር ሳይቀር። መጽሐፌን ለማውጣት ጆንያ ማንሳት አለብኝ። ለካ ዕቃ ያላመጣችው ለዒድ አንዴ ልትጭን ነው። የኔ ቀን ሳምንት ቀርቶት! እኔ ከትምህርት ልባረር ነው፣ እሷ ዕቃ ታከማቻለች።

ቀን በእህል ተራ በኩል ሳልፍ ደግሞ ጉልት ሴቶች መሃል ቁጭ ብላ ስትስቅ አየኋት። ሱቋን ዘግታ ወሬ! መሃላቸው አንድ ክንድ የምታክል ቦታ እየለኩ ነበር፤ ምን ጨዋታ እንደሆነ እንጃ። አላየችኝም። አየችኝ ይሆናል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

አጎቴ ኢስሃቅ መንገድ ላይ አገኘኝ። «አሸንፈሻታል አሉ» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ አልጠየቅኩትም። ከእሱ ጋር ቆሞ ማውራት አልወድም።

የቀሩኝን ቀኖች ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አምስት ቀን። ሦስተኛዋን ቀሪዬን ነገ ልጠቀምባት ይሆን? ተጠቅሜስ ባዶ ያልሆነ ሼድ ይዤ የት እሄዳለሁ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ዛሬ እማዬ ላይ ጮህኩ።

ከሰዓት በኋላ ገና ከበር ስትገባ ጀመርኩባት። ሁሉንም አወጣሁት፤ ከሰኞ በኋላ ተማሪ እንዳልሆንኩ፣ ከእኔ ይልቅ ቆርቆሮ እንደምትወድ፣ አባቴ ቢኖር እንዲህ እንደማይሆን። የመጨረሻው ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እማዬ ፌስታሏን መሬት አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ «ጨረስሽ?» አለች። ከዚያ የኮረሪማውን ጆንያ አፍ ፈታች፤ እጇን እስከ ክንዷ ከታ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«እዚያ ያስቀመጥኩት አይጥ ስለማይነካው ነው» አለች።

የሼድ ርክክብ። የገቢዎች ክሊራንስ። የንግድ ፈቃድ ስረዛ። ሦስቱም ማኅተም አላቸው። ከሥር የኔ ማመልከቻ፣ «ጉዳዩን እናቴ ትጨርስልኝ» የሚል፣ በየካቲት 24 የፈረምኩት። አሁንም ሳላነብ ነው የፈረምኩት! ሱቁን ሳላነብ ተቀበልኩ፣ ሳላነብ መለስኩ።

«ካሱ ነው ያነበበልኝ» አለች። «ቢሮዎቹን ያውቃቸዋል። እኔ ሰልፍ ያዝኩ፣ እሱ አነበበ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አብረሽኝ ልትሮጪ። ያ ሰውዬ ደግሞ ስም ሊጠራ። ሁለት ቀን ቀርተሻል፤ ሦስተኛዋን ለኔ ቀብር አስቀምጪያት።»

ቀልዷ ነው። እሷ ሳቀች። እኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጾም ስለሆነ ውኃ ሳይሆን የሻርፗን ጫፍ ሰጠችኝ። ሻርፗ ላይ ቁንዶ በርበሬ ነበር፣ ዓይኔ ይብስ ተቃጠለ።

ከየካቲት 24 እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩትን አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ሰልፉ ላይ የነበረችው እሷ ናት። ጆንያዎቹ የሱቁ ናቸው። ሁሉን አይቼ ሁሉን ጽፌ ምንም አላየሁም። ፋርማሲስት ልሆን ነው ደግሞ! አላህ ለበሽተኞቼ ይድረስላቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

አስገባሁ። ወይዘሮ ዕድላዊት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አላውቅም እል ነበር። ክፍል ስገባ ዩኒፎርሜ ቅመም ቅመም እንዳይሸት ሽቶ የምቀባ ሰው ነኝ።

«ኮረሪማ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የእናቴ።»

«ጥሩ ኮረሪማ ነው» አሉና መዘገቡት። «ውሳኔው ሰኞ።»

ከዚያ ጁስ ቤት ሄጄ ለሻሺቱ የሁሉንም ትምህርት ማስታወሻዬን ሰጠኋት፤ ኮፒውን ሳይሆን ደብተሮቹን። እማዬ ያለችውንም ነገርኳት፣ ለምን እንቢ እንዳለች።  «እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር» አለች። «እናትሽ አስቦልኛል በያ?» ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቴን ወንድ ስላደረገቻት በአማርኛዋ እቀልድባት ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዒድ ሙባረክ። ስታዲየም ሰግደን መጣን። አጎቴ ኢስሃቅ ግማሽ በግ ላከልን፤ ሥጋው ጥሩ ነው፣ ስድቡም አብሮ ነው፤ «ባለ ዲፕሎማዋን እንኳን አደረሰሽ በሏት» ብሏል። እማዬ እንደ ልጅ ሳቀች። አዲስ ቀሚስ አልገዛችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የት እንደምትሸጥ አልነገረችኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። የምፈራው የማውቀውን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ስሜ ወጣ። «ድጋፋቸው የቀጠለላቸው»፤ ባህሪያ ጀይሉ፣ ሦስተኛ መስመር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ጀምሬያለሁ።

ከኮሌጅ በቀጥታ ገበያ ሄድኩ። በእህል ተራ አልዞርኩም። ሼድ አስራ አራት በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከላይ ሰሌዳው የነበረበት ቦታ አራት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው። ካሱ ከመኪናው ቀና ብሎ በአገጩ ወደ ጉልት ተራ አመለከተኝ።

ከሽንኩርት ሻጮቹ ቀጥሎ ነው፣ ያኔ ሲለኩ ያየሁት ቦታ። ጃንጥላዋ ግማሽ ጥላ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ጥላውን ለቅመሙ ሰጥታ ራሷ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ዙሪያውን ቃኘች። ጓደኞቼ አብረውኝ እንዳሉ ነው የምታየው፤ አወቅኩባት። ያኔ በሌላ መንገድ ስወስዳቸው ታውቅ ነበር ማለት ነው።

«ወጣልኝ እማዬ» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ።» ሌላ ምንም አላለችም። ግን የያዘችውን ስፍር ሁለት ጊዜ ሞልታ ለገዢዋ ጨመረችላት፤ ሴትየዋ በሙሉ ድምፅ መረቀችን።

አጠገቧ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ቅመሙ የተቀመጠበትን አየሁት። ከመሬቱ እርጥበት እንዲከላከል ቆርቆሮ አንጥፋ በላዩ ላስቲክ ዘርግታለች። በላስቲኩ ጠርዝ የወጣው ጫፍ ዝገት ብቻ ነው፣ የሚስማር ቀዳዳ አለው። ጠርዙን ቀና አድርጌ ከሥር አየሁ፤ ሰማያዊ፣ ላዩ ላይ በቢጫ ስሜ።

«ገልብጠሽ ነው ያነጠፍሽው» አልኳት። «በቀለሙ በኩል ቢሆን እኮ ዝገቱ ቅመሙን አይነካውም ነበር።»

«ላስቲክ አለው፣ አይነካውም።»

«ቢሆንም።»

«ስምሽ ላይ ሰው እንዲረማመድ?» አለችኝ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት ሁሉ። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ግማሹን ጥላ ለቀቀችልኝ።